የላስታ ገበሬና የኅብረት ሥራ ማኅበር

ከላሊበላ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ፣ በሬ ሊቆምበት የማይችል በሚመስል ቁልቁለት ላይ ገብስ ተዘርቶ ያያል። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4200 ሜትር ይበልጣል። እርሻው ቁራሽ ቁራሽ፣ አፈሩም ከድንጋይ ጋር የተደባለቀ ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ይዞ ከዝናብና ከነጋዴ ጋር ለብቻው የሚታገል ገበሬ፣ ማኅበር ቢገባ ምርቱ ይጨምርለታልን?

መተባበርስ ለወሎ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። በወንፈል ጉልበት ይበዳደራል፤ በደቦ ያጭዳል፤ በቅሬ ሬሳውን ይቀብራል። አዲስ የሆነበት መዝገቡና ማኅተሙ ነው። እርሱም በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ ቁጥር 44፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 241 መጣ። ከዚያም ደርግ በ1970 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 138 ማሳውንም በሬውንም የሚያደባልቁ የአምራቾች ማኅበራትን አስፋፋ። ገበሬው ይህን እንዴት እንደ ተቀበለው ለማወቅ ረጅም ምርምር አያሻም፤ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በታወጀ ጊዜ አባላቱ ማሳውን ተከፋፍለው አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985፣ አባልነትን በፈቃድ፣ ድምፅንም ለአንድ ሰው አንድ አደረጉ። እርሻው በየገበሬው እጅ ይቀራል፤ ማኅበሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያቀርባል፣ እህል ይሸጣል።

ውጤቱን የመረመሩት ጋሻው ታደሰ አባተና ጓደኞቻቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አባላቱን ኑሯቸው ከሚመስላቸው አባል ያልሆኑ ገበሬዎች ጋር አነጻጽረዋል። አባላቱ ባላቸው መሬትና ጉልበት የማምረት ብቃታቸው በአማካይ በ5 መቶኛ ነጥብ ያህል በልጦ ተገኘ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱ ግን ለላስታ ብዙ ይናገራል። ጥቅሙ የመጣው ከግብዓትና ከምክር አገልግሎት ነውና፣ ክረምቱ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ በሚያልፍበት ደጋ ማዳበሪያው ከዘር ወቅት በኋላ ቢደርስ የአባልነት ደብተሩ ብቻውን እህል አያበቅልም። በእኛ አስተያየት የወረዳው ሪፖርት ከአባላት ብዛት አስቀድሞ ማዳበሪያው ገበሬው እጅ የገባበትን ቀን ሊጽፍ ይገባዋል።

ሌላም ነገር አለ። ታንጊ በርናር፣ ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰና እሌኒ ገብረ መድኅን በ2008 (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እንዳሳዩት፣ ማኅበራቱ ለእህል ከ7 እስከ 9 ከመቶ የሚበልጥ ዋጋ ያስገኛሉ። ሆኖም ዋጋው ከፍ ሲል አነስተኛው ገበሬ ወደ ገበያ የሚያወጣው የምርቱ ድርሻ ይቀንሳል፤ ሰፋ ያለ መሬት ያለው ደግሞ ይጨምራል። የሽያጭ ዕቅድ የተሰጠው ወጣት ሹም ይህን እንደ ድክመት ይመዘግበው ይሆናል። እኛ ግን በ1958፣ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በተመላለሰበት በወሎ፣ ለዕዳው ጥቂት ሸጦ የተረፈውን ገብስ ጎተራው ውስጥ ያስቀመጠ ገበሬ ማኅበሩ እንደ ጠቀመው እንቆጥረዋለን።