ግድግዳ የማያቆመው ድምፅ፦ የሮክ ሙዚቃ የቤዝ መስመር በፊዚክስ ዓይን

የእግር ኳስ ውድድሮችን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው አንድ ዜማ ሳይሰማ አይቀርም። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ያለ ምንም ቃል፣ ሰባት ኖታዎችን ብቻ እየደጋገሙ በኅብረት ያዜሙታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ባስተናገደችው የዓለም ዋንጫ የጣሊያን ደጋፊዎች ዓለምን ያስተዋወቁት በዚሁ ዜማ ነበር። ምንጩ «ዋይት ስትራይፕስ» የተባለው የአሜሪካ የሮክ ጓድ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው «ሰቨን ኔሽን አርሚ» የተሰኘ ዘፈን ነው። ሕዝቡ የሚያዜመው ታዲያ የድምፃዊውን ዜማ አይደለም፤ ከሥር ሆኖ ዘፈኑን የሚነዳውን የቤዝ መስመር ነው።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው በዘፈኑ ውስጥ ቤዝ ጊታር የሚባል መሣሪያ አለመኖሩ ነው። የጓዱ አባላት ሁለት ብቻ ነበሩ። ጃክ ዋይት ያንን ወፍራም ድምፅ ያወጣው ከተራ ጊታር ሲሆን፣ የጊታሩን ድምፅ ድግግሞሹን በግማሽ በሚቀንስ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ውስጥ አሳልፎታል። ለመሆኑ ድግግሞሽን በግማሽ መቀነስ ምን ማለት ነው? ወፍራም ድምፅስ ግድግዳ ጥሶ ጎረቤት የሚደርሰው፣ እግራችንንም ሳንፈቅድ የሚያንቀሳቅሰው ለምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ከፊዚክስ አንጻር እንመረምራለን፤ በመጨረሻም የወጣት አድማጮችን ጆሮ የሚመለከት አንድ ቁም ነገር እናነሣለን።

የአውታር ሕግ

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚፈጸመው የንዝረት ብዛት ድግግሞሽ ይባላል፤ መለኪያውም ኸርትዝ ነው። ጤናማ የወጣት ጆሮ በግምት ከ20 እስከ 20,000 ኸርትዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ባለ4 አውታር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ ክፍት አውታሮቹ 41.2፣ 55፣ 73.4 እና 98 ኸርትዝ ያሰማሉ። የተራው ጊታር እጅግ ወፍራም አውታር ደግሞ 82.4 ኸርትዝ ነው፤ ይህም የቤዙ ወፍራም አውታር ድግግሞሽ እጥፍ መሆኑ ነው። በሙዚቃ ቋንቋ በሁለቱ መካከል የአንድ ኦክታቭ ልዩነት አለ ይባላል።

የአውታርን ንዝረት የሚገዛውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1636 ያሳተመው ፈረንሳዊው ሊቅ ማረን መርሰን ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አውታሩ በረዘመ መጠን ድግግሞሹ ይቀንሳል፤ በተወጠረ መጠን ይጨምራል፤ መጠነ ቁሱ በከበደ መጠን ደግሞ ይቀንሳል። ርዝመቱን እጥፍ ብናደርገው ድግግሞሹ በግማሽ ይቀንሳል። በውጥረት ወይም በመጠነ ቁስ ብቻ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት ግን ውጥረቱን ወደ አንድ አራተኛ ማውረድ፣ አለዚያም በአንድ ሜትር ርዝመት ያለውን መጠነ ቁስ በ4 ማባዛት ያስፈልጋል።

እንግዲህ የተራውን ጊታር ወደ ቤዝ መለወጥ የፈለገ መሐንዲስ ምርጫው ምንድን ነው? የጊታሩ አውታር ርዝመት በብዛት 64.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱን ብቻ እጥፍ ቢያደርገው ወደ 130 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ የተጫዋቹ ክንድም አይበቃውም። ውጥረቱን ብቻ ቢቀንስ አውታሩ ይልላና ጥርት ያለ ድምፅ አይሰጥም። መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ሆነ። አውታሩ በመጠኑ ረዝሞ 86.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ፤ በብረት እምብርቱ ላይም ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞ ከበደ። ሽቦው የሚጠመጠመው አውታሩ ሳይገትር እንዲከብድ ነው፤ ገትሮ የሚነዝር አውታር ቅኝቱ ይዛባልና።

በዚህ መንገድ ተሠርቶ በስፋት ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር፣ አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው «ፕሪሲዥን ቤዝ» ነው። ከዚያ በፊት የቤዝን ሥራ ይሠራ የነበረው ቆሞ የሚጫወቱት፣ ከሰው ቁመት የማያንሰው ደብል ቤዝ ነበር። መሣሪያው ከባድ ከመሆኑም በላይ ድምፁ በድራምና በኤሌክትሪክ ጊታር ይዋጥ ነበር። የሮክ ቤዝ መስመር ወደ ፊት ሊወጣ የቻለው ይህ ችግር ከተፈታ በኋላ ነው።

ከንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ

በቤዝ ጊታሩ አውታሮች ሥር ማግኔቶችና በዙሪያቸው የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ አለ። የብረት አውታሩ ሲነዝር መግነጢሳዊ መስኩን ያውካል፤ የታወከው መስክም በጥቅልሉ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ያመነጫል። ይህ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው። ስፒከር ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ጅረት በጥቅልሉ ውስጥ ሲያልፍ ሸራውን ይገፋል።

ሁለቱ ሂደቶች ተገላባጭ መሆናቸውን በብልሃት ከተጠቀሙት መካከል የቢትልስ ድምፅ ቀራጮች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1966 «ፔፐርባክ ራይተር» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ የፖል ማካርትኒን ቤዝ ጎላ አድርጎ ለመያዝ አንድ ትልቅ ስፒከር በማይክሮፎንነት አገለገለ። ሰፊው ሸራው ለወፍራም ድምፅ የተመቸ ነበርና። በዚያ ዘመን ቤዝን ማጉላት የሚያስፈራ ነገር ነበር። ወፍራም ድምፅ በሸክላ ላይ ሰፊ ውዝዋዜ ያለው ቦይ ስለሚቀርጽ መርፌው ከቦዩ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ በጸደቀው የአሜሪካ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ደንብ መሠረት ቤዙ ሲቀረጽ ይቀነሳል፤ ሲደመጥ ደግሞ በዚያው ልክ ይጎላል። በ50 ኸርትዝ ላይ ይህ ማስተካከያ 17 ዴሲቤል ያህል ነው።

በዚህ ረገድ የጆን ዲከን ታሪክ ለተማሪዎች የሚጠቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» በተባለው ዘፈን ላይ ዝነኛውን የቤዝ መስመር የደረሰው የ«ኩዊን» ቤዝ ተጫዋች፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደኑ ቼልሲ ኮሌጅ በኤሌክትሮኒክስ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ ነበር። ከቆሻሻ መጣያ ባገኘው የትራንዚስተር ሰርኪውት የሠራው ትንሽ አምፕሊፋየር በጓዱ ቀረጻዎች ላይ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ለክፍል ውስጥ መልመጃ የሚበቃ ዕውቀት ከፍላጎት ጋር ሲገናኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ለምን ጎረቤት ይሰማዋል?

በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህን ለ41.2 ብናካፍለው የሞገዱ ርዝመት 8.3 ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን። ይህ ሞገድ ለወንበር፣ ለበር፣ ለማዕዘን ደንታ የለውም፤ ዞሮ ያልፋል። ግድግዳም ቢሆን በሚገባ አያቆመው። ግድግዳ ድምፅን የሚያግደው በዋናነት በመጠነ ቁሱ ነው፤ በፍጥነት የሚነዝርን ነገር መከተል ሲያቅተው ቀስ ብሎ የሚገፋውን ግን አብሮ ይወዛወዛል። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር ግድግዳው የሚያስቀረው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል። ከ50 እስከ 800 ኸርትዝ 4 እጥፎች ስላሉ ልዩነቱ 24 ዴሲቤል ይሆናል። ጎረቤት ቤት ሲጨፈር የዘፋኙ ቃል ሳይሰማን «ዱም፣ ዱም» የሚለው ብቻ የሚደርሰን በዚህ ምክንያት ነው።

ክፍሉም የራሱን ድርሻ ያበረክታል። 4.2 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ግማሽ ሞገድ ልክ የሚገጥመው በ41 ኸርትዝ ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ ቋሚ ሞገድ ይፈጠራል፤ ቤዙ በግድግዳው አጠገብ ይጎላል፣ በክፍሉ መካከል ደግሞ ይጠፋል።

ጆሮ የሌለውን ድምፅ ሲሰማ

አሁን አንድ ተቃርኖ የሚመስል ነገር እንመልከት። ስፒከር ወፍራም ድምፅን በእኩል ግፊት ለማውጣት ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ሸራውን 4 እጥፍ ማንቀሳቀስ አለበት። የተንቀሳቃሽ ስልክ ስፒከር ይህን ሊያደርግ ስለማይችል 41 ኸርትዝን ጨርሶ አያወጣም ማለት ይቻላል። ሆኖም ዘፈኑን በስልክ ስንሰማ የቤዙን ዜማ እንለየዋለን። እንዴት?

አውታር ሲነዝር ከመሠረታዊው ድግግሞሽ ጋር እጥፎቹን ማለትም 82.4፣ 123.6፣ 164.8፣ 206 ኸርትዝና ከዚያም በላይ ያሉትን ሃርሞኒኮች አብሮ ያወጣል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁልጊዜ 41.2 ነው። አንጎል ይህን ሥርዓት ሲያገኝ መሠረቱ ባይኖርም ራሱ ይተካዋል። ክስተቱን ጀርመናዊው አውግስት ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1841 በሳይረን ሙከራ አሳይቶት ነበር። በአገራችንም በገና የዚህን ሃርሞኒክ ኃይል የሚጠቀም መሣሪያ ነው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራው፣ አውታሩን እየነካ ያንን የሚንዘዘዝ ድምፅ ያወጣል፤ በዚህም ወፍራሙ ድምፅ በሃርሞኒክ ይበለጽጋል፣ ለጆሮም ይጎላል።

ወፍራም ድምፅ ምትንም በመጠበቅ ብልጫ አለው። በካናዳ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ አንጎል የጊዜ መዛነፍን ይበልጥ የሚያስተውለው በወፍራሙ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት መሠረት ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከ8 እስከ 37 ኸርትዝ የሚያወጡ ስፒከሮች በየ2 ደቂቃ ተኩሉ ሲከፈቱና ሲዘጉ ቆዩ። ስፒከሮቹ በተከፈቱ ጊዜ የታዳሚዎቹ እንቅስቃሴ በ11.8 በመቶ ጨመረ። ድምፁ ግን በጆሮ ተለይቶ የሚታወቅ አልነበረም።

ዋጋው በጆሮ እንዳይከፈል

የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው። በ1,000 ኸርትዝ 2 ዴሲቤል ገደማ የሆነ ድምፅ ሲሰማን፣ በ40 ኸርትዝ ግን 51 ዴሲቤል ካልደረሰ አይሰማንም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ይህ ልዩነት ድምፁ በጎላ መጠን እየጠበበ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ሙዚቃውን ስንቀንስ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው፤ ስንጨምር ደግሞ ከሌላው ፈጥኖ ይጎላል። ወጣቶች ቤዝ ፍለጋ ድምፁን እስከ ጣሪያው ከፍ የሚያደርጉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ድምፅ መጨመሪያው ቤዙን ለይቶ አይጨምርም። ጆሮ ይበልጥ ንቁ የሆነበት፣ በቀላሉም የሚጎዳበት ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርትዝ ያለው ድምፅም አብሮ ይጨምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ92 ዴሲቤል 2 ሰዓት ተኩል ብቻ ይሆናል። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኙት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ በሰው ዘንድ ተመልሰው አይበቅሉም። መፍትሔውም ከፊዚክሱ ይገኛል። የጆሮውን ቀዳዳ በሚገባ የሚገጥም ማዳመጫ ቤዙ እንዳያመልጥ ያደርጋል፤ የውጭውንም ጫጫታ ይቀንሳል። ስለዚህ ድምፁ ዝቅ ብሎም ቤዙ ይሰማል።

ውድ አንባቢ፣ ከላይ ከተባለው አብዛኛውን በራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። አንድን ዘፈን መጀመሪያ በስልክ፣ ቀጥሎም በትልቅ ስፒከር ያዳምጡ፤ ቤዙ በስልኩም እንደሚታወቅ፣ ደረትን የሚነካው ግን በስፒከሩ ብቻ እንደሆነ ይገነዘባሉ። ከዚያም ስፒከሩ እንደተከፈተ ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ክፍሉ መካከል በዝግታ ይራመዱ፣ ቤዙ የሚጎላበትንና የሚከሳበትንም ቦታ በኖራ ምልክት ያድርጉ። በሁለት የቅርብ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል ይሆናል። ርቀቱን በ4 አባዝተው 343ን ለውጤቱ ቢያካፍሉ፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ በሜትር ብቻ፣ የአንድን ኖታ ድግግሞሽ ገመቱ ማለት ነው።