74110፦ ስሙ ቁጥር የሆነ ቡና

ለቡና ስም በማውጣት አንታማም። ሲዳማና ጌዴኦ ውስጥ ገበሬው ኩርሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ እያለ ዛፎቹን ከነጠባያቸው ይለያል፤ ጌሻ የሚለውም ስም ከሀገራችን ጫካ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ በ2004 ፓናማ ላይ የገዢዎችን ቀልብ ገዝቷል። በእነዚህ ባለስሞች መካከል ግን የእስረኛ መለያ የመሰለ ቁጥር ተሸክሞ የሚኖር አንድ ቡና አለ፦ 74110። ሰባ አራት፣ መቶ አስር ብሎ ከፍሎ ማንበብ ይቀላል፤ መከፈሉም ምክንያት አለው። ሰባ አራቱ 1974ን ያመለክታል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ መቶ አስሩ ደግሞ በዚያ ዓመት ከተመረጡት እናት ዛፎች መካከል የደረሳት ተራ ነው። እናቲቱ የተገኘችው ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ በተባለ ቦታ ነው። ልጆቿን ማሳ ላይ ያየ ሰው ቆም ብሎ አይደነቅም፤ ቁመታቸው አጠር፣ ቅርንጫፋቸው ሰብሰብ፣ ቅጠላቸውና ፍሬያቸው አነስ ያለ ነው። ቁጥር ያሰጣት መልኳ አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው በ1971 ነው። በኬንያ ከ1922 ጀምሮ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። በሽታውን የሚያመጣው ሻጋታ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለና ዝናብ የሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ ይመቸዋል። ጭካኔው ዛፉን አለመግደሉ ላይ ነው። ቅጠሉ እንደለመለመ፣ ግንዱ እንደቆመ፣ ገና ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ላይ ጠቆር ያለ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ እየሰፋ ፍሬውን ከነውስጡ ያጠቁረዋል፤ ከዚያ ወይ ይረግፋል፣ ወይ ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሩቅ ያየው ሰው ያማረ ቡና ነው ይላል፤ ቅርጫት ይዞ የቀረበው ባለቤት ግን የሚለቅመው ያጣል። መድኃኒት መርጨት ይቻላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ዝናብ ያጥበዋል፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተበታትኖ የበቀለ የጫካ ቡናን ደግሞ ማን ዞሮ ይረጨዋል?

ጅማ ያሉ ተመራማሪዎች በ1973 የያዙት መንገድ ሌላ ነበር። ወረርሽኙ ክፉኛ በመታቸው ቦታዎች እየዞሩ አንድ ነገር ይፈልጉ ጀመር፦ ዙሪያዋ ሁሉ ጠቁሮ ሳለ ፍሬዋን ይዛ የቆመች ዛፍ። እንዲህ ያሉ ዛፎች ተገኙ። ችግሩ፣ ጤነኛ ዛፍ ሁሉ ጠንካራ ዛፍ አለመሆኑ ነው፤ በዚያ ዓመት ዕድል ረድቶት በሽታው ያልደረሰበትም ይኖራል። ስለዚህ ምስክርነቱ ከልጆቿ ተጠየቀ። ዘሯ ተዘርቶ ችግኙ ገና ለጋ ግንድ ሲያወጣ ሻጋታው ሆን ተብሎ ተረጨበት፤ አረንጓዴ ፍሬዋም ላይ እንዲሁ። ልጆቿ ያለቁባት እናት ከመዝገቡ ወጣች፤ የጸኑላት ቀረች። በዚያ ሥራ የተሳተፈው ሆላንዳዊው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ቫን ደር ግራፍ በ1981 በሀገሩ ዋገኒንገን ከተማ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ይህንኑ የመረጣ ሥራ የሚተርክ ነው።

ሥራውን ያፋጠነው የአረቢካ ቡና አንድ ጠባይ ነው። አበባው በአብዛኛው የሚራባው በራሱ ብናኝ በመሆኑ ልጅ እናቱን ይመስላል። በቆሎ ቢሆን ኖሮ ነፋስ ከየማሳው ያመጣው ብናኝ ዘሩን ስለሚያደባልቀው ጥንካሬውን ለማጽናት ረጅም ጊዜ ይጠይቅ ነበር። የቡና እናት ግን ከተመረጠች ዘሯን አባዝቶ ማደል ይቻላል። አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ 74110ና እኅቶቿ ገበሬ እጅ ገቡ።

እዚህ ላይ ቋንቋችን አንድ ወጥመድ ያኖርብናል። «መላመድ» ስንል የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ፣ መጀመሪያ በሙቀቱ ተቸግሮ፣ ቆይቶ ግን እንደሚለምደው ዓይነት ነገር ይመስለናል። የቢሻሪዋ ዛፍ በሽታውን አልለመደችውም። በሽታው ከመድረሱ በፊትም ያው ነበረች፤ ጥንካሬዋ ከወላጆቿ የወረሰችው ነው፤ በሽታው ባይመጣ ኖሮ ማንም ሳያውቅላት አርጅታ ትወድቅ ነበር። የሕያዋን መላመድ በትውልድ እንጂ በአንድ ዕድሜ የሚሆን አይደለም። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል እንደሚስት ሁሉ፣ ዘረ መልም ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ ይስታል። ብዙው ስሕተት ምንም አያመጣም፤ አንዳንዱ ይጎዳል። ጥቂቱ ደግሞ ጥቅሙ የሚታወቀው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። በሽታው የሠራው ነገር ቢኖር መምረጥ ብቻ ነው።

የሚመረጥ ነገር ከሌለስ? የዓለም የቡና እርሻ ታሪክ መልሱን አሳይቷል። ከየመን የወጡ ጥቂት ዘሮች ጃቫ ደረሱ፤ ከጃቫ በ1706 አንድ ዛፍ አምስተርዳም ገባ፤ የዚያ ዘር በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተበረከተ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ አሜሪካዎቹን አለበሰ። በሚሊዮን የሚቆጠር ዛፍ፣ ግን የአንድ ቤት ልጅ። ሲሎን ላይ በ1869 የቅጠል ዝገት የተባለው የቡና በሽታ ሲነሳ እንዲሁ ከጥቂት ዘር የተባዛው ቡና የሚቋቋም ወገን አላገኘም፤ ተካዮቹ ነቅለው ሻይ ተከሉ። ያው ዝገት በ1970 ብራዚል ሲደርስ ድንጋጤው ትልቅ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ ዝገቱ እንግዳ አይደለም፤ ቅጠሎቹን ቢያጎሳቁልም ጫካውን አልጨረሰውም። በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቡናዎች በመልካቸው መንታ ቢመስሉም ውርሳቸው ይለያያል።

74110ን እያወደስኩ መሆኔ አይጠፋኝም፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬንም ልናገር። ይህች ዛፍ ለፍሬ በሽታ ጸናች ማለት ለሁሉም ጸናች ማለት አይደለም። ምርቷ ደህና ስለሆነ ተወዳ፣ ከኢሉባቦር ተነስታ ዛሬ ሲዳማም ይርጋጨፌም ጓሮ ትገኛለች። ለገበሬው ደግ ነው። ግን እሷን ለመትከል የሚነቀለው ምንድን ነው? ስም የሌለው፣ ምርቱ ያነሰ፣ ምናልባትም ለሚቀጥለው በሽታ መልሱን የያዘው አሮጌ ቡና ነው። ተመራማሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ነው አንዲትን ዛፍ ብቻ ሳይሆን 741፣ 7440፣ 74112፣ 74158 እያሉ ብዙዎችን የለቀቁት። እንደኔ ግን በቁጥር የተጠሩት ተደምረው እንኳ ጫካውን አይተኩም።

ለማስቀመጥ ቢታሰብም ቡና አስቸጋሪ ነው። የገብስና የጤፍ ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ክፍል ለብዙ ዓመታት ይተኛል፤ የቡና ዘር እንዲህ አይተኛም፣ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የቡና ባንክ ማለት እርሻ ነው። አጋሮ አቅራቢያ ጮጬ ላይ ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ ዓይነቶች መሬት ላይ ተተክለው ይኖራሉ፤ ይኮተኮታሉ፣ ይገረዛሉ፣ ያረጁት ይተካሉ። አብዛኞቹ ምን እንደያዙ ገና አልተጠየቁም።

መጠየቁ አንዳንዴ ዕድሜ ይፈጃል። በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ የቡና ዘር በኮስታ ሪካ በኩል ብራዚል ደርሶ ተተክሎ ነበር። የብራዚል ተመራማሪዎች ከዚያ ስብስብ ወደ 3,000 የሚጠጉ ዛፎችን መርምረው በ2004 ውጤቱን ይፋ አደረጉ፦ ሦስቱ ዛፎች ፍሬያቸው ውስጥ ካፌይን የለም ለማለት ምንም አይቀረውም። ካፌይን ለቡናው ተባይ መከላከያው ነው፤ ያለ እሱ መወለድ ጫካ ውስጥ ጉድለት ይሆን ነበር። እንቅልፍ ለሚነሳው ጠጪ ግን ሀብት ሆነ። ዘሩ የማን ነው የሚለው ክርክርም አዲስ አበባ ላይ ወዲያው ተነሳ፤ ዛፎቹ ግን ለብዙ ዓመታት ከሌላው ቡና ሳይለዩ እዚያው ብራዚል ቆመው ነበር።