የገብረ ሕይወት ትምህርት ቤት

ከጎጃም፣ ከጎዛምን የመጣ አንድ የገበሬ ልጅ ለመመረቂያ ጽሑፉ የምጣኔ ሀብት ሊቁን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ሕይወት መርጦ፣ እኔም አማካሪው ሆኜ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ባቀረበልኝ ጊዜ፣ ገጹ ሁሉ ስለ ምጽዋ ወደብ፣ ስለ መርከቡና ስለ አሳዳጊዎቹ ፈረንጆች ሲተርክ ቆይቶ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ለተባለው መጽሐፉ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ሰጥቶ፣ በመጨረሻ «ባሕር ባይሻገር ኖሮ ሊቅ ባልሆነ ነበር» ብሎ ደመደመ። ብላቴናው ትጉህ ነው፤ አማርኛውም የጠራ ነው። ያ መደምደሚያ ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም፤ ምክንያቱም ይህንኑ ቃል ከሌሎች ደቀ መዛሙርት፣ ከወላጆቻቸው፣ አልፎ አልፎም ከመምህራን አንደበት ዘወትር እሰማለሁ፤ መስማቱም አድክሞኛል።

የልጅነቱ ታሪክ አስደናቂ መሆኑን ማንም አይክድም። በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለደ፤ አባቱ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በወደቁበት በመተማ ጦርነት ሞቱ፤ እርሱም ከዘመዶቹ ጋር ወደ ኤርትራ ተሰዶ፣ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ከስዊድን ሚስዮናውያን ዘንድ ፊደል ቆጠረ፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ኦስትሪያ ደርሶ በባለጸጋ ቤተ ሰብ አደገ፤ በበርሊንም ተማረ። ነገር ግን በበርሊን የተማረው ምን ነበር? ሕክምና ነበር እንጂ ምጣኔ ሀብት አልነበረም። በምጣኔ ሀብት የምስክር ወረቀት የሰጠው አንድም ትምህርት ቤት ሳይኖር ነው እኛ ዛሬ የሙያው አባት የምንለው።

ባሕር መሻገር ብቻውን እንዲህ ያለ ሰው የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ሕንድ ተወስደው በዚያ አድገው ሐኪም የሆኑት ወርቅነህ እሸቴ፣ ኢጣልያ የተማሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ፣ በሩስያ የጦር ትምህርት የቀሰሙት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ እያንዳንዳቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን የሚመስል መጽሐፍ በጻፉልን ነበር። እነዚህ ሁሉ በየመንገዳቸው ለአገራቸው የደከሙ ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ያንን መጽሐፍ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህም ምክንያቱን ከመርከቡ ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባናል።

እኔ የማገኘው ከተመለሰ በኋላ ባለው ዘመኑ ነው። በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኖ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ ገንዘብ ሳይለይ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚገባ ከቅርብ አየ፤ ወደ ሱዳን በተሰደደ ጊዜ ሌላ ዓይነት አስተዳደር አስተዋለ፤ በመጨረሻም በድሬ ዳዋ የጉምሩክ ሹም ሆኖ፣ ባቡሩ ቡናና ቆዳ ጭኖ ሲወርድ፣ ጨርቅና ብረታ ብረት ጭኖ ሲወጣ፣ የሁለቱን ዋጋ ለማነጻጸር ዕድል አገኘ። ታላቁ ጥያቄው የተወለደው ከዚህ ይመስለኛል፤ ይኸውም ምድራቸው ለም የሆነ ሕዝቦች ስለ ምን ይደኸያሉ የሚል ነው። መልሱም ሀብት ከወርቅና ከብር ሳይሆን በዕውቀት ከታገዘ ሥራ ይገኛል፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ቀን ድካም ይለውጣል የሚል ነው። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ከዚህ የተቀራረበ ክርክር ይዞ በዓለም መድረክ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ኖሮ በ1911 ዓ.ም. ዐርፎ ነበር፤ መጽሐፉም በአዲስ አበባ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ለጎጃም ልጅ የምለው ይህ ነው። ገብረ ሕይወት የተማረበት እውነተኛው ትምህርት ቤት፣ ገበያውና ኬላው፣ ከደጅህ ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ ባለው በባሶ ገበያ፣ በድሮ ዘመን፣ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የመጣው አሞሌ ጨው፣ ከዓባይ ማዶ ከናርያ ከተሻገረው ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ጋር ይለወጥ ነበር፤ አሞሌውም ከምንጩ በራቀና በየኬላው ቀረጥ በተከፈለበት ቁጥር እየተወደደ ይሄድ ነበር። የኬላ ቀረጥ ንግድን እንዴት እንደሚያንቅ ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ከበርሊን ማምጣት አያስፈልግም።

ይልቁንም በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የተነሣውን የጎጃም ገበሬ ዓመፅ ተመልከት። ብዙ ሰው ያንን ነገር የድንቁርና ሁከት አድርጎ ይተርከዋል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ በሰማሁ ቁጥርም ያሳዝነኛል። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ ሳይሆን፣ በግብሩ በኩል የሚመጣው የመሬት ልኬት ከአባቶቹ የወረሰውን ርስት እንዳያስነጥቀው ነበር፤ ልኩ ያልታወቀ ግብር፣ ዋስትናው ያልጸና መሬት፣ እምነት ያልተጣለበት ሹም በአንድነት ሲመጡበት እምቢ አለ። ጦር ከዘመተበትም በኋላ አገረ ገዥው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተማረ። ገብረ ሕይወት «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ግብር ተወስኖ በሕግ ይጽና፣ የመንግሥትም ገንዘብ ከንጉሥ ገንዘብ ይለይ ብሎ ከመከረ ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የሚጠይቀውን ነገር ሊቁ አስቀድሞ ጽፎታል፤ ሁለቱን ያገናኘ ግን አልነበረም።

የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከዋሸራ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ቢሻገር፣ መምህር የሚባለው ስለ ተሻገረ ሳይሆን በጉባኤ ቆሞ የራሱን ቅኔ ስለ ዘረፈ ነው። የገብረ ሕይወትንም ሊቅነት በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባናል።

የመመረቂያ ርእስ የምትመርጡ ልጆቻችንና የምታጸድቁላቸው ባልደረቦቼ ሆይ፣ ስለዚህ ሰው ከመጻፋችሁ በፊት አስቀድማችሁ ሁለቱን ጽሑፎቹን አንብቡ፤ አጫጭር ናቸው፤ አማርኛቸውም አያስቸግርም። ከዚያ በኋላ የደጀንን፣ የሉማሜንና የቢቸናን የጤፍ ገበያ ዋጋ ከአዲስ አበባው ጋር አነጻጽራችሁ፣ በመካከል ያለው ልዩነት ለማን እንደሚደርስ መርምራችሁ ጻፉ።