የውጭ ጉዞ መድን፦ ምን ይሸፍናል? እንዴት ይመረጣል?

የጉዞ መድን ከአገር የወጣ ሰው በሄደበት ድንገት ቢታመም፣ አደጋ ቢደርስበት፣ ሻንጣው ቢጠፋ ወይም ሕይወቱ ቢያልፍ የሚመጣውን ወጪ መድን ሰጪው ኩባንያ በውሉ ልክ የሚከፍልበት ስምምነት ነው። መንገደኛው ከመነሳቱ በፊት አረቦኑን አንድ ጊዜ ይከፍላል። ኩባንያው ኃላፊ የሚሆነው ግን በውሉ ላይ ለተጻፉት ቀናትና ለተጠቀሱት አገሮች ብቻ ነው።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ይህን ውል የሚገዛው ኤምባሲ ስለጠየቀው ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳር፣ አቃቂ ቃሊቲ ከሚገኘው ገላን ኮንዶሚኒየም ማልዶ ተነስቶ ቪዛ ሊያመለክት ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው በፕላስቲክ ማኅደሩ ውስጥ ፓስፖርቱን፣ የባንክ መግለጫውን፣ የሥራ ደብዳቤውንና የመድን ወረቀቱን ደርድሮ ይይዛል። ከእነዚህ ሁሉ ሳይነበብ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ መድኑ ነው። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ወረቀቱ ሥራውን የጨረሰ ይመስላል። እውነተኛ ሥራው የሚጀምረው ግን መንገደኛው ከቦሌ ሲነሳ ነው፤ ውሉ በጥንቃቄ መመረጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

በግልጽ የተቀመጠ መስፈርት ያለው በአውሮፓ የሼንገን አገሮች ዘንድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቪዛ ሕግ ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን እንዲያቀርብ ያዛል። መድኑ አስቸኳይ ሕክምናን፣ በድንገት ሆስፒታል መተኛትን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን መሸፈን አለበት። ከዚህም ሌላ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራና የቆይታውን ቀናት በሙሉ የሚያካትት መሆን ይኖርበታል። ለጣሊያን ብቻ የተገዛ መድን ለጣሊያን ቪዛም ቢሆን አይበቃም። በአንጻሩ ብሪታኒያና ቱርክ የሼንገን አባል ስላልሆኑ በመንገዱ ለንደን ወይም ኢስታንቡል ጥቂት ቀን የሚቆይ ሰው እነዚያ ቀናት መሸፈናቸውን ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ቀኑን መወሰን ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የቪዛ ማመልከቻ የሚታይበትን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ማመልከቻው ከታሰበው በላይ ቢዘገይና የጉዞው ቀን ቢገፋ፣ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው መድን ባለቤቱ ገና አገር ውስጥ እያለ መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ መድኑ ሲገዛ ሁለት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል፦ የጉዞው ቀን ቢቀየር ውሉ የሚታደሰው እንዴት ነው? ቪዛ ቢከለከል አረቦኑ ይመለሳል ወይ? የቀን ለውጥ የሚጠየቀው ውሉ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ነው።

አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ መድን አትጠይቅም። መድን ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እዚያው ነው። የአሜሪካ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ሕመምተኛን የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቁ እንዲያረጋጉ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ይገደዳሉ። ይሁን እንጂ ሕጉ ሂሳቡን አይሰርዝም፤ የክፍያ መጠየቂያው በኋላ በፖስታ ይመጣል። የአሜሪካ ሕክምና በዓለም ውድ ከሚባሉት የመጀመሪያው በመሆኑም ብዙ ውሎች «ዓለም አቀፍ» እና «ዓለም አቀፍ፣ ከአሜሪካና ካናዳ በስተቀር» ተብለው በሁለት ዋጋ ይሸጣሉ። ሁለተኛው በዋጋ ይቀንሳል፤ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው ግን ባዶ ወረቀት ነው።

ውሎቹ በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ዋናው ክፍል የሕክምና ወጪ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሕመምተኛውን ወደተሻለ ሆስፒታል ወይም ወደ አገሩ ማጓጓዝ፣ አስከሬን መመለስ፣ የሻንጣ መጥፋትና መዘግየት፣ የበረራ መሰረዝ፣ የፓስፖርት መጥፋት ይዘረዘራሉ። በየመስመሩ ትይዩ የገንዘብ ጣሪያ ተጽፏል። በውሉ ራስጌ 30,000 ዩሮ ቢባልም ለጥርስ ሕመም ወይም ለሻንጣ የተመደበው ከዚያ እጅግ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል መነበብ ያለበት እያንዳንዱ መስመር ነው።

በዚያው ሰንጠረዥ «ኤክሰስ» የሚባል ቁጥር ይገኛል። ይህ መንገደኛው ከኪሱ የሚሸፍነው የመጀመሪያ ድርሻ ነው። ኤክሰሱ 100 ዩሮ ቢሆንና የክሊኒኩ ሂሳብ 80 ዩሮ ቢመጣ ኩባንያው ምንም አይከፍልም፤ ሂሳቡ 1,500 ዩሮ ቢሆን 1,400ውን ይከፍላል። ሁለት ውሎች በአረቦን ተራርቀው ሲገኙ አንዱ ምክንያት ይህ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሌሎቹ የመንገደኛው ዕድሜ፣ የቀናቱ ብዛት፣ የሚሄድበት አገርና የሽፋኑ ጣሪያ ናቸው።

የማይሸፈነው ነገር ዝርዝር ከሚሸፈነው እኩል ዋጋ አለው። ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም፣ እርግዝናና ወሊድ፣ በመጠጥ ምክንያት የደረሰ አደጋ፣ ጦርነትና ሁከት በአብዛኞቹ ውሎች ውስጥ ከሽፋን ውጭ ናቸው ወይም በጠባብ ገደብ ብቻ ይሸፈናሉ። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚሄድ ምዕመን የጦርነቱን አንቀጽ አስቀድሞ ሊያነበው ይገባል። ለሕክምና ብሎ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ የሚሄድ ሰውም የሄደበትን ሕክምና የጉዞ መድን አይከፍልለትም፤ ውሉ የተዘጋጀው ላልታሰበ ሕመም ነው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። የእሱ መድን የሚታየው ከሥራ ውሉና ከውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ጋር ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ልጃቸው በአሜሪካ ቨርጂኒያ የወለደችላቸው የ66 ዓመት እናት አራስ ሊጠይቁ ለ3 ወር ይሄዳሉ እንበል። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ልጆቻቸው ቲኬት፣ በርበሬና ሽሮ፣ የገንፎ እህል ያዘጋጃሉ፤ መድኑን የሚያስታውሱት በመጨረሻው ሳምንት ነው። ቅጹ ላይ «የቆየ ሕመም አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነገሩ እንዳይጓተት ወይም ዋጋው እንዳይጨምር «የለም» ብሎ የመሙላት ፈተና ይኖራል። የሚጎዳቸው ይህ መልስ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን በደነገገው ክፍል መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተሞላ ነገር ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። እናቲቱ በስኳራቸው ምክንያት ሆስፒታል ቢገቡ ሐኪሙ የሚጽፈው የሕመም ታሪክ በቀጥታ ለመድን ሰጪው ይደርሳል። የተሻለው መንገድ ሕመሙን በግልጽ መጻፍ፣ የቆየ ሕመም ድንገት ሲብስ የሚሸፍን ውል ካለ እሱን መምረጥ፣ የ3 ወሩን መድኃኒት ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ መያዝ ነው። አንዳንድ ውሎች የዕድሜ ጣሪያ ስላላቸው ለአረጋውያን ይህም ቀድሞ ይጠየቃል።

ወረቀቱ ሲታተም ከመስኮቱ ሳይርቁ ማንበብ ያስፈልጋል። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው፣ ፊደል በፊደል፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉን ጠብቆ መጻፍ አለበት። የልደት ቀንም ሌላው የስሕተት ምንጭ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ ዓመት ሳይቀየር ቢገባ መንገደኛው 7 ወይም 8 ዓመት ያረጀ ይሆንና አረቦኑም የካሳ ጥያቄውም ይዛባል። የመነሻውና የመመለሻው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ፣ የፓስፖርት ቁጥሩና የአገሮቹ ዝርዝር እንዲሁ ይታያሉ።

በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትና በርካታ የግል ኩባንያዎች የጉዞ መድን ይሸጣሉ። መድን ሰጪዎች በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ፈቃድ የሚያገኙትና ቁጥጥር የሚደረግባቸው በብሔራዊ ባንክ ነው። በደላላ ወይም በጉዞ ወኪል በኩል የሚገዛ ሰው ወረቀቱ ፈቃድ ካለው ኩባንያ የወጣ መሆኑን በኩባንያው ስልክ ቢያረጋግጥ ከሐሰተኛ ሰነድ ይድናል። ሐሰተኛ መድን ቪዛ ከማስከልከል አልፎ ቀጣዩንም ማመልከቻ ያበላሻል።

መድኑ በሥራ ላይ የሚውለው በስልክ ነው። በወረቀቱ ላይ 24 ሰዓት የሚሠራ የእርዳታ ሰጪ ድርጅት ቁጥር አለ። መንገደኛው ሲታመም፣ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር፣ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ወደዚያ ይደውላል፤ አስቸኳይ ከሆነ መጀመሪያ ይታከማል፣ አብሮት ያለ ሰው ወዲያውኑ ይደውላል። ድርጅቱ ሆስፒታል ይጠቁማል፣ ለክፍያው ዋስትና ይሰጣል፣ የጉዳይ ቁጥርም ይመዘግባል። ሳይደወል በራስ ገንዘብ ከታከሙ በኋላ ካሳ መጠየቅ አንዳንዴ ቢቻልም መንገዱ ረዥምና አጠራጣሪ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በስልክ ውስጥ ይመዝገብ፤ የውሉ ቅጂም በሚቀበለው ዘመድ ዘንድና አገር ቤት ባለው ቤተሰብ ዘንድ ይቀመጥ። ራሱን የሳተ ሰው የመድን ወረቀቱ የት እንዳለ ሊናገር አይችልም።

ለሻንጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው አየር መንገዱ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት ለጠፋ፣ ለተጎዳ ወይም ለዘገየ ሻንጣ የአየር መንገዱን ኃላፊነት በአንድ መንገደኛ እስከ 1,519 ኤስዲአር ይወስነዋል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን ጣሪያው ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ከኤርፖርቱ ሳይወጡ የሻንጣ ጉድለት ሪፖርት ማስሞላት፣ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ሻንጣው በተገኘ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ግዴታ ነው። መድን ሰጪውም የሚጠይቀው ይህንኑ ሪፖርት ነው።

አስከሬን የመመለስ ሽፋን ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ልዩ ክብደት አለው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ለቀብር ይደርሳል። በሰው አገር ሲሞት ግን አስከሬኑ ለወገኑ እስኪደርስ የሬሳ ማቆያ፣ የሰነድና የአውሮፕላን ጭነት ወጪ አለ። መድን በሌለበት ይህን የሚሸከሙት በዚያ ያሉ ወገኖች ከኪሳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። የውሉ አንድ መስመር ይህን ሸክም ከሐዘንተኛው ላይ ያነሳል፤ ሲገዛም ጣሪያው ስንት እንደሆነ ሊታይ ይገባል።

በአሜሪካ የሚኖሩ አረጋውያን ወገኖች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ጥያቄው ይገለበጣል። ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ የሚሰጠው ሜዲኬር በአጠቃላይ ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። አንዳንዶቹ ሜዲጋፕ የተባሉ ተጨማሪ ዕቅዶች በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት የሚደርስ ድንገተኛ ሕክምናን፣ 250 ዶላር ከተቀነሰ በኋላ፣ 80 በመቶ ይከፍላሉ፤ የዕድሜ ልክ ጣሪያቸው 50,000 ዶላር ነው። ከልጆቻቸው ጋር ከማያሚ በመርከብ ለሽርሽር ለሚወጡም ሜዲኬር የሚያገለግለው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ውስጥ ሲሆን ወይም ከወደቡ ከ6 ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የመርከብ ክሊኒክ ሂሳብና ሕመምተኛን ከባሕር ላይ በሄሊኮፕተር የማንሳት ወጪ የመንገደኛው ነው። የመርከብ ጉዞ መድን ሲመረጥ ከሁሉ በፊት የሚታየው የማጓጓዣው ጣሪያ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ከጉዞ መልስ ካሳ ለመጠየቅ ዋናው ሰነድ ነው፦ የሐኪም ሪፖርት፣ ዝርዝር ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ስርቆት ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ፣ የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያረፈበት የፓስፖርት ገጽ፣ የበረራ ቲኬት። ኦሪጅናሎቹ ለኩባንያው ሲሰጡ ቅጂ ማስቀረትና የተረከበውን ሰው ፊርማ መቀበል ያስፈልጋል። በውሉ የተጻፈው የማስታወቂያ ቀነ ገደብ አጭር ስለሆነ ማመልከቻው እንደተመለሱ ይገባል። ኩባንያው ጥያቄውን ውድቅ ካደረገ ምክንያቱን ከውሉ አንቀጽ ጋር ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በንግድ ሕጉ መሠረት ከመድን ውል የሚመነጭ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ስለሚታገድ፣ በሽምግልናም ሆነ በፍርድ ቤት መብቱን የሚያስከብር ሰው ጊዜውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቁጠር ይኖርበታል።