የሊጉ ክብረ ወሰን እንዴት ይነበባል?

ለዕረፍት ወደ ሰቆጣ ስንመለስ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም «በሊጉ ታሪክ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚል ነው። አንዱ ቁጥር ይጠራል፤ ሌላው በሌላ ቁጥር ይመልሳል። ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ለጓደኞቻችን በአጭሩ ለመግለጽ እንወዳለን።

አስቀድሞ ዘመኑን መለየት ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲጀመር የተወዳደሩት በአዲስ አበባ የነበሩ አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስም ከነርሱ አንዱ ነበር። የዛሬው ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነው። ከዚያ ወዲህ በዋንጫ ብዛት ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚስተካከል አልተገኘም፤ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አራቱንም ዓመት በተከታታይ አሸንፏል። እንግዲህ ክብረ ወሰን ሲጠራ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደ ተቆጠረ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የጨዋታው ብዛት ነው። በ1993 ዓ.ም. ዮርዳኖስ ዓባይ ለመብራት ኃይል 24 ጎል አገባ። በ2009 ዓ.ም. ጌታነህ ከበደ ለደደቢት 25 አግብቶ አለፈው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 አደረሰው። በጌታነህና በአቡበከር መካከል ያለው ልዩነት አራት ጎል ይመስላል። ነገር ግን በ2009 ክለቦቹ 16 ስለ ነበሩ እያንዳንዱ 30 ጊዜ ተጫውቷል፤ በ2013 ግን ክለቦቹ 13፣ ጨዋታውም 24 ብቻ ነበር። በዚህ ሚዛን ሲታይ የአቡበከር ብልጫ ከአራት ጎል ይልቃል። ይህም ሆኖ ቡና ሁለተኛ ወጣ፤ ከሦስቱ ጎል አግቢዎች በዚያው ዓመት ከክለቡ ጋር ዋንጫ ያነሣው ዮርዳኖስ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማን ቀርቶ ነበር? የሚለው ነው። በ2013 የክለቦቹ ቁጥር ያነሰው የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ስላልተወዳደሩ ነው፤ የ2011 ሻምፒዮን መቀሌ 70 እንደርታም ከነርሱ አንዱ ነበር። በወረርሽኙም ምክንያት ጨዋታው በጥቂት ከተሞች በየተራ ተካሄደ። ይህን የምንለው የአቡበከርን ሥራ ለማሳነስ አይደለም፤ በቁጥሩ ውስጥ የዘመኑ ታሪክ እንዳለ ለማሳየት ነው።

ከሰቆጣ ሆነን ዙሪያውን እንመልከት። በምዕራብ ጎንደር፣ በ2013 ፋሲል ከነማ ከአማራ ክልል የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደባት ከተማ ናት። በሰሜን መቀሌ አለች። በደቡብ ምሥራቅ ያለችው ወልድያም በሊጉ ተሰልፋለች። በመካከል ያለው ዋግ ኽምራ ግን በፕሪሚየር ሊግ ክለብ ኖሮት አያውቅም። ይህ የሆነው ኳስ የሚመታ እግር ጠፍቶ አይደለም፤ ክለብ ገንዘብ፣ ሜዳና መንገድ ይፈልጋል። እነዚህን ሦስቱን እኛ ተማሪዎች ልንሰጥ አንችልም።

ልንሰጥ የምንችለው አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም ደብተር ነው። ከደሃና፣ ከዝቋላ፣ ከአበርገሌ የመጡ ልጆች ሲጋጠሙ ቀኑን፣ ውጤቱንና ጎል ያገባውን ልጅ ስም እንጻፍ። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዋግሹሞችን አስከሬን እስከ ዛሬ ጠብቆ አቆይቷል። ሙታኑን እንዲህ የጠበቀ አገር፣ በሕይወት ያሉ ልጆቹ ያገቡትን ጎል መዝግቦ መያዝ አያቅተውም። የሊጉም ክብረ ወሰን ቢሆን መነሻው አንድ ሰው የጻፈው መስመር ነው።