ከሩቅ ለሚጠበቅ ሰርቨር ስለሚመረጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም

በወላይታ የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በቤሌም ሆነ በሌላው ወረዳ፥ የመሬት ይዞታና የማዳበሪያ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሹማምንት አስቀድመው የሚጠይቁት የመኪናውን ዋጋ ነው። ከዋጋው ይልቅ ግን ሊጠየቅ የሚገባው መኪናውን የሚያሠራው ሥርዓት፥ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፥ የትኛው እንደ ሆነ ነው። መኪናው በወረዳው ክፍል ተቈልፎበት ሲቀመጥ፥ ዐዋቂው ጠባቂ በሶዶ ወይም በአዲስ አበባ ሆኖ በኢንተርኔት መስመር ያስተዳድረዋልና።

መዝገቡ በወረቀት ሳለ ሌባ በእግሩ መጥቶ ቍልፍ መስበር ነበረበት፤ ዛሬ ከባሕር ማዶ ተቀምጦ በሩን ይሞክራል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ከግብፅ የተነሣ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቋል። የመሬት ወሰን የተጻፈበት መዝገብ በስውር ቢለወጥ ደግሞ ጕዳቱ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል የማያልቅ ክርክር ይሆናል።

ከሁሉ አስቀድሞ ዘመኑ ያለፈበትን መተው ነው። ብዙዎች ያምኑት የነበረው ሴንትኦኤስ 7 ከሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከሠሪዎቹ ጥገና አይወጣለትም፤ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም።

በጥብቅነቱ እጅግ የተመሰገነው ኦፕን ቢ ኤስ ዲ ነው። ቴዎ ዴ ራት የተባለው ሰው በ1988 ዓ.ም. በካናዳ የጀመረው ሲሆን፥ የማያስፈልገውን በር ሁሉ ዘግቶ ያስረክባል። ሰርቨሮች ከሩቅ የሚታዘዙበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤችም ከዚያው ሠፈር የወጣ ነው። ነገር ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ዕትም ይወጣለታል፤ እያንዳንዱም የሚጠገነው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። መብራትና መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ በየዓመቱ ከሩቅ ሆኖ ማደስ፥ ያውም ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ ከባድ ነው። ጠባቂ የሌለው ጥሩ ሥርዓት ጠባቂ ካለው መካከለኛ ያንሳል።

ስለዚህ ለእንደ ቤሌ ያለ ስፍራ ዴቢያን፥ ያውም ስቴብል የተባለው ዕትም፥ ይሻላል። ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ሦስት ዓመት፥ ከዚያም ሁለት ዓመት ተጨማሪ ይጠገናል።

የወላይታ ገበሬ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ዝንጅብሉን የፈጀውን የአጠውልግ በሽታ አይረሳም፤ በሽታው በተበከለ ዘር ይዛመት ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. እንዲሁ ኤክስ ዜድ በተባለ መሣሪያ ውስጥ ስውር በር ተሸሽጎ ተገኘ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት አይቶ ደረሰበት። ክፉው ዘር በዴቢያን የሙከራ ዕትሞች ገብቶ ነበር፤ ስቴብል ግን ገና አልደረሰበትም ነበር።

ከተመረጠም በኋላ በይለፍ ቃል መግባት ተከልክሎ በቍልፍ ፋይል ብቻ ይሁን፤ የደኅንነት ጥገናው በራሱ እንዲገባ ይታዘዝ። ጠባቂው የፋየርዎል ሕግ ሲለውጥ፥ አዲሱ በር መሥራቱን ሳያይ የተከፈተውን መስመር አይዝጋ፤ ቢሳሳት ከሶዶ እስከ ቤሌ መጓዝ ይሆንበታልና። የመዝገቡም ግልባጭ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በየወሩ ተከፍቶ ይነበብ።