አንገት ሥር ያለው ንፍፊት ምን እየሠራ ነው?

ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው አንገቱ ሥር ወይም ብብቱ ውስጥ እብጠት የዳሰሰ ቀን፣ መጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «መድኃኒቱ እምቢ አለኝ» የሚል ነው። ኪኒኑን ለዓመታት ሳያቋርጥ የዋጠ ሰው እንኳ ከዚህ ድንጋጤ አያመልጥም። እዚህ አሜሪካ፣ ሮክቪልና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ደግሞ ሌላ ስጋት ይጨመርበታል፦ ሐኪም ዘንድ ብሄድ አስተርጓሚው የማውቀው ሰው ቢሆንስ? እናም እብጠቱን ይዞ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከእብጠቱ በላይ ስለሚያሳስበኝ ነገሩን ከሥሩ እናንሳው።

የሊምፍ ዕጢዎች በማንኛውም ሰው ሰውነት ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። አብዛኞቹ በጣት አይገኙም፤ የሚዳሰሱት አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ያሉት ናቸው። ከሰውነታችን ክፍሎች ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለሰው ፈሳሽ በእነሱ በኩል ያልፋል። እንደ ኬላ ናቸው፤ አላፊው ሁሉ ይፈተሻል፣ ባዕድ ነገር ከተገኘ እዚያው ያሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይራባሉ። ዕጢውን የሚያሳብጠው ይህ መራባት ነው። ጥርሱ ያመረቀዘ ሰው መንጋጋው ሥር፣ እግሩ የቆሰለ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት የሚያወጣው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኮቪድ ክትባት የተከተቡ ብዙ ሴቶች በተወጉበት ክንድ በኩል ብብታቸው አብጦ የጡት ራጅ ላይ ታይቶባቸዋል። ክትባቱ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ኤችአይቪ የሚያጠቃው ሲዲ4 የተባለው ሕዋስ በብዛት የሚሰበሰበው እነዚሁ ዕጢዎች ውስጥ ነው። ይህን ካሳዩት ጥናቶች ዋናው የተሠራው ከዚሁ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ሮክቪል ፓይክን ይዘን ወደ ቤተዝዳ ስንወርድ በምናገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ግቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ጁሴፔ ፓንታሌዎ፣ አንቶኒ ፋውቺና ባልደረቦቻቸው፣ ታማሚው ምንም በማይሰማውና ደሙ ውስጥ ቫይረሱ አነስተኛ በሚመስልባቸው ዓመታት ሁሉ ዕጢዎቹ ውስጥ ግን ቫይረሱ እንደሚራባ አሳዩ። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው አንገትና ብብት ላይ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ፣ የማያም ንፍፊት ሊኖረው የሚችለው ከዚህ የተነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲህ ያለውን ንፍፊት፣ ሌላ ሕመም ከሌለ፣ በኤችአይቪ የመጀመሪያ ደረጃ ውስጥ ይመድበዋል።

መድኃኒት ሲጀመር ዕጢዎቹ ቀስ በቀስ ይሟሽሻሉ። አንዳንዷ ግን ለዓመታት ትቀራለች። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰች፣ ለስላሳ፣ ከጣት ሥር የምትንሸራተትና የማታድግ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ አታስጨንቅም። መድኃኒቱ መሥራቱን የሚነግረን የደም ምርመራ ነው፤ አንገት መዳሰስ አይደለም። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ ጸንቶ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም፤ ንፍፊት መኖሩ ብቻውን ይህን አይለውጠውም።

ለእኛ ግን አንድ የተለየ ጉዳይ አለ፤ ቲቢ። በኢትዮጵያ ቲቢ ሳንባን ብቻ አይዝም፤ የአንገት ዕጢ ላይ የሚወጣው ዓይነት ከብዙ አገሮች በተለየ ይበዛል። በልጅነት የገባ የቲቢ ጀርም ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ቆይቶ፣ ሰውየው አሜሪካ ከገባ ከስንት ጊዜ በኋላ ሊነሣ ይችላል፤ ኤችአይቪ ሲኖር ደግሞ የመነሣት ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል፣ ሳያም እያደገ፣ ሁለት ሦስት ዕጢዎች እየተጣበቁ ይመጣል። ሳል ላይኖር፣ የደረት ራጁም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ቲቢ ብርቅ ስለሆነ ሐኪሙ ቶሎ ላያስበው ይችላል። የት እንደተወለዱ፣ ቤት ውስጥ በቲቢ የታመመ ሰው እንደነበረ ሳይጠየቁ ይንገሩት። ቲቢ መሆን አለመሆኑ የሚለየው ከዕጢው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው።

ቲቢ ከተገኘ ከቲቢው ሐኪም ኤችአይቪውን መደበቅ አይገባም። ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው፣ በቀን አንዴ የሚዋጠው በቀን ሁለቴ እንዲሆን ይታዘዛል። ቢክታርቪ የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ መድኃኒት መቀየር ይኖርበታል።

ሲዲ4ቱ በጣም ወርዶ መድኃኒት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ንፍፊቱ ድንገት ሊያብጥ ይችላል። ተዳክሞ የነበረው የመከላከል ኃይል ሲያገግም ተደብቆ የነበረውን ጀርም አግኝቶ መዋጋት ስለሚጀምር ነው። «መድኃኒቱ ጎዳኝ» ብሎ ማቋረጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ከእብጠቱ የከፋ ነው። ሐኪም ይየው።

የሊምፍ ካንሰርም ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ይበዛል። ንፍፊቱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ከጠነከረና አልንቀሳቀስ ካለ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ትኩሳት ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ከመጣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። አዲስ የወጣ ንፍፊት ምንም ሌላ ምልክት ባይኖረውም ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈው ይታይ።

መድኃኒቱን በደንብ ለሚወስድ ሰው ከንፍፊት ይልቅ ልቡ እንዲያሳስበው እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ሪፕሪቭ የተባለ ጥናት፣ ፒታቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት የወሰዱ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመም በ35 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ግፊቱን ይለካ፣ ስለዚህ መድኃኒትም ይጠይቅ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። በዲቪ የመጡ ብዙዎች ቪዛ ለማግኘት ኤችአይቪ መመርመር ግድ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው እንዳይገባ ይከለክል የነበረው ያ ደንብ ከጥር 4 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል፤ በኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ ውስጥ ኤችአይቪ የለም። ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው ሕክምናና መድኃኒት የሚረዳው የራያን ዋይት ፕሮግራም በ1990 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እዚሁ ሮክቪል ፊሸርስ ሌን ላይ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የካውንቲው የዴኒስ አቬኑ ጤና ጣቢያም ኤችአይቪንና ቲቢን ያያል።

አስተርጓሚውን ከፈሩ ቀጠሮ ሲይዙ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይጠይቁ። ስምዎን ለአስተርጓሚው እንዳትነግረው ለነርሷ አስቀድመው ይንገሯት። አስተርጓሚው በሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እባክዎ ይደውሉ፤ እስከዚያው ግን ኪኒኑን አንድም ቀን አያቋርጡ።